የሚሸከመውን መመርመር፦ በሐዋሳ ከውሃ ላይ ሥዕል ስለተሠራ አንድ ተንጠልጣይ ቅርጽ የተዘጋጀ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ባለፈው ክረምት በሐዋሳ ከተማ ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 15 ዓመት የሆኑ 14 ልጆች ለአንድ የሕፃናት ንባብ ክፍል የሚሆን ተንጠልጣይ ቅርጽ ሠርተዋል። ቅርጹ በሐይቁ ዓሦችና አዕዋፍ አምሳል የተቆረጡ 21 የወረቀት ክፍሎች አሉት፤ ክፍሎቹ በቀጫጭን ሽቦዎች ጫፍና ጫፍ ላይ ተንጠልጥለው በመስኮት በሚገባው ነፋስ ቀስ እያሉ ይዞራሉ። የወረቀቶቹ ቀለም በብሩሽ የተቀባ አይደለም። በወፍራም ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ከተሠራ በኋላ በወረቀት የተነሳ፣ የእብነ በረድ ደም ሥር የመሰለ ኅብር ነው።

በአምስት ቅዳሜዎች እንዲያልቅ የታቀደው ሥራ ዘጠኝ ቅዳሜዎች ወስዷል። ጉዳዩን መዝግቦ ማስቀመጥ ያስፈለገው መዘግየቱ በቸልተኝነት ወይም በገንዘብ እጥረት የመጣ ስላልነበረ ነው። በሦስት የተለያዩ ደረጃዎች አንድ ዓይነት ስህተት ሦስት ጊዜ ፈጽመናል፤ ስህተቱ አንድ መሆኑን የተረዳነው ግን ሥራው ካለቀ በኋላ ነበር። ሥልጠናውን የመራሁት እኔ ስሆን ከእኔ ጋር አንዲት የኬሚስትሪ መምህርትና አንድ አረጋዊ አናጢ ሠርተዋል። የማንም ስም፣ የንባብ ክፍሉም ስም፣ እዚህ አልተጠቀሰም።

ስለ ሁለቱ ጥበቦች

ቀለምን በውሃ ላይ አንሳፍፎ በወረቀት ማንሳት በጃፓን ሱሚናጋሺ፣ በቱርክ ደግሞ ኤብሩ ይባላል። የጃፓኑ ከ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሚታወቅ ሲሆን ቀለሙ የሚንሳፈፈው በተራ ውሃ ላይ ነው። የቱርኩ ግን ውሃውን በእፅዋት ሙጫ አወፍሮ፣ ቀለሙን በበሬ ሐሞት አላልቶ፣ ኅብሩን በቀጭን እንጨትና በማበጠሪያ እየሳበ ይሠራል፤ ዩኔስኮም በ2014 እ.ኤ.አ. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። ዛሬ ለማወፈሪያ በብዛት የሚያገለግለው ከባሕር አረም የሚገኘው ካራጂናን ነው። ቀድሞ ግን ሠዓሊዎች በአካባቢያቸው ያገኙትን ሁሉ ይጠቀሙ ነበር፤ ከእነዚህም ውስጥ ተልባና አብሽ ይገኛሉ። እኛን ወደዚህ ሥራ የሳበን ይኸው ነው። ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ዱቄት መጠበቅ ሳያስፈልግ በእያንዳንዱ ልጅ ቤት ያለ እህል ለሥዕል መዋል እንደሚችል ማወቃችን ትልቅ ተስፋ ሰጥቶን ነበር።

በነፋስ የሚንቀሳቀሰውን ተንጠልጣይ ቅርጽ ዓለም ያወቀው በአሜሪካዊው ቀራፂ በአሌክሳንደር ካልደር (1898–1976 እ.ኤ.አ.) ሥራዎች ነው። ካልደር ወደ ቅርጻ ቅርጽ ከመግባቱ በፊት በመካኒካል ምህንድስና የተመረቀ ሰው ነበር፤ በሥራዎቹም ውስጥ ስሌትና ውበት ተነጣጥለው አይታዩም። ሥራዎቹን በ1931 እ.ኤ.አ. «ሞባይል» ብሎ የሰየማቸው ፈረንሳዊው ሠዓሊ ማርሴል ዱሻም ነው። በእኛ ዘንድ ሞባይል ሲባል ሁሉም ስልክ ስለሚያስብ ከልጆቹ ጋር «ተንጠልጣይ» ብለን ተስማማን።

ተልባው

በመጀመሪያው ቅዳሜ ልጆቹን «ቤት ያለውን ተልባ ይዛችሁ ኑ» ብያቸው ነበር። ከመጣው ተልባ አብዛኛው የተቆላ፣ ከፊሉም የተፈጨ ሆኖ ተገኘ። በቤታችን ተልባ የሚቀመጠው ለመጠጥ ወይም ለፍትፍት ተዘጋጅቶ ስለሆነ ልጆቹ አላጠፉም፤ ጥሬና ያልተፈጨ መሆን እንዳለበት አስቀድሜ መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ለሥዕሉ የሚፈለገው የሚያሟልጭ ሙጫ ያለው በፍሬው ልባስ ላይ ነው፤ ዘይቱ ደግሞ በውስጡ ነው። ፍሬው ሲፈጭ ዘይቱ ወጥቶ በውሃው ገጽ ላይ ይንሳፈፋል፤ ቀለሙም ዘይቱ ያለበትን ቦታ እየሸሸ ገጹን በቀዳዳ ይሞላዋል። የመጀመሪያው ቀን ሙሉ በሙሉ የባከነው በዚህ ምክንያት ነው።

በሁለተኛው ቅዳሜ የደረስንበትና እስከ መጨረሻው የተጠቀምንበት አሠራር የሚከተለው ነው። መቶ ግራም ጥሬ ተልባ በሁለት ሊትር ውሃ ሩብ ሰዓት ያህል በዝግታ ይቀቀላል፤ ሳይቀዘቅዝ በሻሽ ይጠለላል፤ ምክንያቱም ከቀዘቀዘ ከፍሬው አይለይም። ከዚያ ሌላ አንድ ሊትር ያህል ውሃ ተጨምሮበት አረፋው እንዲጠፋ ያድራል። መወፈሩን የምንፈትነው በአንዲት ጠብታ ቀለም መሐል ስንጥር በመሳብ ነው። የተሳበው መስመር ባለበት ከቆመ ልኩ ነው፤ ስንጥሩ ከተነሳ በኋላ ቀለሙ መሄዱን ከቀጠለ ቀጥኗል፤ ወደ ኋላ ከተመለሰ ደግሞ ወፍሯል። የተልባ ውሃ በሐዋሳ ሙቀት ከሁለት ቀን በላይ ሳይሸት አይቆይም፤ ስለዚህ በየሳምንቱ ዐርብ ማታ አዲስ መቀቀል ግድ ነበር።

ለመያዣ ከላሜራ የተሠራ ዝቅተኛ ትሪ አዘዝን፤ እንዳይዝግም ውስጡን ላስቲክ አለበስነው። ማበጠሪያው ተራ ሚዶ ነው። የበሬ ሐሞት ከሥጋ ቤት አምጥተን ሞክረን ነበር፤ ይሠራል፤ ሽታው ግን ከልጆች ጋር በአንድ ክፍል ለመቀመጥ አያመችም። በምትኩ በውሃ በቀጠነ አክሪሊክ ቀለም ላይ በስንጥር ጫፍ የተነከረ ፈሳሽ ሳሙና ጨመርን። እዚህ ላይ ልክ ማጣት ከባድ ዋጋ አለው። ሳሙናው ጥቂት ሲበዛ የመጀመሪያው ቀለም ገጹን ሁሉ ይወርና ለሁለተኛው ቀለም ቦታ አይተውም።

የሚታጠበው ቀለም

ከሁለተኛው ቅዳሜ ጀምሮ ኅብሩ በውሃው ላይ እጅግ ያማረ ሆነ። ልጆቹ የቆሮሶ ዓሣ ቅርፊት የመሰለ፣ የአባ ኮዳ ወፍ ክንፍ የመሰለ ነገር እያወጡ በደስታ ይጠራሩ ነበር። ወረቀቱ በገጹ ላይ ሲያርፍና ሲነሳም ሥዕሉን ይዞ ይወጣል። ነገር ግን የተልባውን ሙጫ ለማስወገድ ወረቀቱ በንጹሕ ውሃ ሲለቀለቅ ቀለሙ አብሮ ይወርዳል። አንዲት የ12 ዓመት ልጅ የታጠበ ወረቀቷን ይዛ መጥታ «ቲቸር፣ ቀለሙ ወረቀቱን ጠላው» አለችኝ። ነገሩን ከዚህ የበለጠ በትክክል የገለጸው ሰው አልነበረም፤ እኔ ግን በዚያን ጊዜ ቃሏን እንደሚገባው አልሰማሁትም።

እኔ የሰማሁት «ቀለሙ» የሚለውን ብቻ ነበር። ስለዚህ ሦስት ቅዳሜዎችን ቀለም በመለወጥ አሳለፍን። ሌላ ዓይነት አክሪሊክ ገዛን፤ ቀለሙን አወፈርነው፣ አቀጠንነው፤ ኮላ ጨመርንበት፤ የግድግዳ ቀለምም ሞከርን። የግድግዳው ቀለም በውስጡ ባለው ከባድ የኖራና የሸክላ ዱቄት ምክንያት ወዲያውኑ ወደ ትሪው ወለል ሰመጠ። ይህን ሁሉ ስናደርግ በአንድ ጊዜ ሁለትና ሦስት ነገር እየለወጥን ስለነበር የትኛው ምን እንዳመጣ ማወቅ አልቻልንም። ከልጆቹ ሁለቱ በዚህ ወቅት መምጣት አቁመው ነበር፤ እያንዳንዱ የታጠበ ወረቀት ለልጅ ምን ያህል እንደሚከብድ ባለመገንዘቤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ወረቀቱ ቀለም እንዲይዝ አስቀድሞ በሸብ ውሃ መታሸትና መድረቅ እንዳለበት አውቀን በአንድ ሊትር ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሸብ እያሟሟን እንጠቀም ነበር። በአምስተኛው ቅዳሜ የኬሚስትሪ መምህርቷ መጥታ መጀመሪያ የተመለከተችው ቀለሙን ሳይሆን የሸቡን ባልዲ ነበር። ውሃው ደፍርሶ በሥሩ ነጭ ዝቃጭ ተቀምጧል። ሸብ በንጹሕ ውሃ ሲሟሟ ጥርት ያለ መሆን እንዳለበት ነገረችን። የተጠቀምነው በግቢው ያለውን የጉድጓድ ውሃ ነበር፤ በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ባይካርቦኔት የሚባል ጨው የበዛበት አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ነው። ሸቡ ከዚህ ውሃ ጋር ሲገናኝ የተወሰነው ክፍሉ ወረቀቱ ጋ ሳይደርስ ባልዲው ውስጥ ዝቃጭ ሆኖ ይቀራል። ሸብ የደፈረሰ ውሃ የሚያጠራውም በዚሁ ጠባዩ ነው።

ቀጥላ ከትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ካመጣችው የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አንዲት ጠብታ በፎቶ ኮፒ ወረቀታችን ላይ አሳረፈች። በአጉሊ መነጽር ስናየው ጥቃቅን አረፋዎች ይወጣሉ። ወረቀቱ ነጭና ድፍን እንዲሆን ሲመረት በውስጡ ካልሲየም ካርቦኔት ይጨመርበታል፤ ይኸውም ኖራ ድንጋይ የተሠራበት ነገር ነው። ሸቡ ቀለሙን ከወረቀቱ ጋር ከማያያዙ በፊት ከዚህ ካርቦኔት ጋር እየተዋጋ ያልቃል ማለት ነው።

በዚያው ቀን ዘጠኝ ቁራጭ ወረቀቶች አዘጋጀን። ሦስት ዓይነት ወረቀት፣ ማለትም የፎቶ ኮፒ፣ የሥዕል ደብተርና የካኪ ፖስታ ወረቀት፣ በሦስት ዓይነት ውሃ በተሟሟ ሸብ ታሹ፤ ውሃዎቹም የጉድጓድ፣ የዝናብና የታሸገ ውሃ ነበሩ። በእያንዳንዱ ጀርባ ላይ በእርሳስ ምልክት ተጻፈበት፤ ቀለሙ፣ የተልባው ውሃና የሚሠራው እጅ ግን አንድ ሆኑ። ውጤቱ ለክርክር የሚሆን አልነበረም። የፎቶ ኮፒው ወረቀት በሦስቱም ውሃ ታጠበ። የካኪው ወረቀት በዝናብና በታሸገ ውሃ ቀለሙን አጥብቆ ያዘ፤ በጉድጓድ ውሃ ግን ገረጣ። የሥዕል ደብተሩ በመሐል ቆመ። ወቅቱ ክረምት ስለሆነ ከዚያ በኋላ ከቆርቆሮው የሚወርደውን ዝናብ፣ የመጀመሪያውን አቧራማ ውሃ አሳልፈን፣ በጄሪካን አጠራቀምን። የሦስት ሳምንት ችግር በግማሽ ቀን ተፈታ። ካኪው ቡናማ መሆኑ ደግሞ ያልጠበቅነውን ጥቅም ሰጠን፤ ሰማያዊውና ነጩ ቀለም በላዩ ላይ የሐይቁን የማለዳ መልክ ያዘ።

ሚዛኑ

ለሽቦ ከብስክሌት ጥገና ቤት የተጣሉ የጎማ ሽቦዎችን ሰበሰብን። በሐዋሳ ብስክሌት ስለሚበዛ ይህ ዕቃ ያለ ዋጋ ይገኛል፤ ቀጥ ያለ፣ የማይዝግና ርዝመቱ 26 ሴንቲሜትር ያህል ነው።

የሚዛኑን ሕግ ለልጆቹ ያስረዳሁት በአህያ ጭነት ነው። በሁለቱ ጎን ያለው ሸክም እኩል ካልሆነ ጭነቱ ያጋድላል፤ ካልሆነም የከበደው ወደ ጀርባው ቀረብ፣ የቀለለው ራቅ ማለት አለበት። ከዚያ በቁጥር አስላን። በአንዱ ጫፍ 6 ግራም፣ በሌላው 3 ግራም ዓሣ ካለ፣ ክብደትና ርቀት ሲባዙ ሁለቱ ጎኖች እኩል እንዲሆኑ ማንጠልጠያው ከከባዱ ጫፍ 8.7 ሴንቲሜትር ላይ መሆን ነበረበት። ልጆቹ በጥንቃቄ ለክተው ምልክት አደረጉ፤ ሽቦው ግን በቀለለው ዓሣ በኩል ወደ ታች አዘነበለ። ዓሦቹን ደጋግመን መዘንን፤ ልክ ናቸው። ያልመዘንነው ሽቦውን ነበር። የብስክሌቱ ሽቦ ብቻውን 7 ግራም ይመዝናል፤ ይህም ከእያንዳንዱ ዓሣ ይበልጣል፤ ክብደቱም በሽቦው መሐል ላይ እንዳለ ይቆጠራል። ይህ ሲጨመር ትክክለኛው ቦታ 10.6 ሴንቲሜትር ሆነ። ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ስተን ነበር። ከዚያ በኋላ ልጆቹ በስሌት የተገኘውን ቦታ እንደ መነሻ ይዘው ሽቦውን በጣት ላይ በማስቀመጥ ያርሙት ጀመር፤ ለታችኛዎቹ እርከኖችም ከብስክሌቱ ይልቅ ቀለል ያለ የጋልቫናይዝድ ሽቦ መረጥን።

ሁለት ነገሮች ቶሎ ተገኝተዋል። አንደኛው ሥራው ከታች ወደ ላይ መሄድ እንዳለበት ነው፤ የታችኛው እርከን በሙሉ ለላይኛው ሽቦ እንደ አንድ ሸክም ስለሚቆጠር ከላይ የጀመረ ሰው ሁሉንም ደጋግሞ ይፈታል። ሁለተኛው ቀጥ ያለ ሽቦ ሚዛኑ ቢገኝም እንደማይረጋ ነው። ሽቦው በፒንሳ በትንሹ ቀስት መስሎ ሲታጠፍና ማንጠልጠያው ከሁለቱ ጫፎች ከፍ ብሎ ሲውል በነፋስ ቢናወጥም ተመልሶ ይቃናል። ክሩ እንዳይጠማዘዝ ደግሞ ከቁልፍ መያዣዎች ላይ የሚሽከረከረውን ማያያዣ ነቅለን በየእርከኑ አስገባን።

አንድ ስህተት ግን ሙሉ ቅዳሜ አስከፈለን። ሁሉም ከተመዛዘነ በኋላ ዓሦቹ ከእርጥበት እንዲጠበቁ ቫርኒሽ ተቀቡ። ቫርኒሹ በእያንዳንዱ ላይ እኩል አልወፈረም፤ ስለዚህ ከላይ እስከ ታች አንድም ሽቦ በቦታው አልቀረም። ማንኛውም ቅብ ከሚዛን በፊት መድረቅ አለበት።

ኮርኒሱ

ቅርጹ በሙሉ ከጥቂት መቶ ግራም የማይበልጥ ስለነበር መስቀያው አያሳስብም ብዬ አሰብኩ። አንድ ጠንካራ መንጠቆ ገዝቼ በኮርኒሱ ቺፑድ ላይ ራሴ አጠበቅሁት። ሰኞ ማለዳ የንባብ ክፍሉ ሠራተኛ በሩን ስትከፍት ቅርጹ መንጠቆውን እንደያዘ ወለል ላይ ተዘርግቶ አገኘችው። ክፍሉ ዝግ ስለነበር ማንም አልተጎዳም፤ አራት ዓሦች ግን ተጣጥፈው ነበር።

አናጢው መጥቶ ቺፑዱን በጣቱ ሲጫነው ስርጉድ አለ፤ ከቆርቆሮው የሚያፈሰው ዝናብ አርሶታል። «ልጄ፣ ኮርኒስ እኮ ራሱ የተሰቀለ ነው፤ ሌላ እንዲሰቅል አይጠየቅም» አለኝ። ከዚያ በጡጫው እያንኳኳ ድምፁ ድፍን የሆነበትን፣ ማለትም ከላይ ሞራሌ ያለበትን መስመር ፈልጎ መንጠቆውን እስከ እንጨቱ ዘለቀው። ቦታው ከታሰበው አንድ ክንድ ያህል ወደ መስኮቱ ቀረበ። ይህም ሌላ መዘዝ አመጣ፤ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ነፋስ ዓሦቹን እያጋጨ ክራቸውን አቆላለፈው። የመስኮቱን አንድ ክፋይ ብቻ በመክፈትና የሁለቱን ሽቦዎች ክር በማሳጠር አረጋጋነው።

የሠራውና ያልሠራው

ጥሬ ተልባ፣ የዝናብ ውሃና የካኪ ወረቀት አብረው በአስተማማኝ ሁኔታ ሠርተዋል፤ ሦስቱም በማንኛውም የአገራችን ከተማ ይገኛሉ። አብሽም ሞክረን ነበር፤ ይወፍራል፤ ቢጫነቱና ሽታው ግን ወረቀቱ ላይ ይቀራል።

ያልተሳካው በግልጽ መነገር አለበት። በመስኮቱ አጠገብ ያሉ ሦስት ዓሦች በፀሐይ ምክንያት ሮዝ ቀለማቸው በአራት ወር ውስጥ ገርጥቷል። ለግቢው በረንዳ የሠራነው ሁለተኛ፣ ትንሽ ተንጠልጣይ አንድ ሳምንት አልቆየም፤ ወረቀት ለውጭ አየር አይሆንም። ሸብ አሲድነት ስላለውም ወረቀቱ በዓመታት ውስጥ ተሰባሪ መሆኑ አይቀርም፤ ስለዚህ ለንባብ ክፍሉ ስናስረክብ ዘላቂ ዕቃ እንዳልሆነ ተናግረናል።

የተረፈውን ውሃ በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። አክሪሊክ ፕላስቲክ ነው፤ የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ የሚወጣበት ወንዝ ስለሌለው የገባበት ነገር ወደ ሌላ አይሄድም። ስለዚህ የተጠቀምንበትን የተልባ ውሃ ወደ ቦይ አልደፋንም፤ በሰፊ ሳፋ ፀሐይ ላይ አድርቀን የቀረውን ቅርፊት ከደረቅ ቆሻሻ ጋር አስወገድን። በዝናብ ወቅት ማድረቁ አሰልቺ ነበር፤ ልጆቹ ግን የሚስሉት ዓሣ የሚኖርበት ውሃ መሆኑን ስለሚያውቁ አንድም ቀን አላጉረመረሙም።

ለሌላ ሥራ የሚተላለፈው

ቀለሙ ሲታጠብ ቀለሙን መረመርን፤ ጥፋቱ የነበረው ቀለሙን በሚሸከመው ወረቀትና ወረቀቱን ባራሰው ውሃ ላይ ነበር። ሽቦው ሲያዘነብል ዓሦቹን መዘንን፤ ያልተቆጠረው ዓሦቹን የሚሸከመው ሽቦ ነበር። ለመስቀያው ስንዘጋጅ የመንጠቆውን ጥንካሬ መረጥን፤ የወደቀው መንጠቆውን የያዘው ቺፑድ ነው። ዓይን የሚያርፈው በሚያምረውና በሚታየው ላይ ስለሆነ በእጅ ሥራ ሥልጠና ላይ ይህ ስህተት ደጋግሞ የሚመጣ ይመስለኛል። አሁን በምመራቸው ሥልጠናዎች የመጀመሪያውን ሰዓት ለወረቀቱ፣ ለውሃውና ለመስቀያው ብቻ እሰጣለሁ፤ ቀለም የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።

የዘጠኙ ቁራጭ ሙከራም ከኬሚስትሪ ውጭ ይሠራል። አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ሌላውን ሁሉ ባለበት ማቆየት፣ በጀርባውም መጻፍ፣ ለ12 ዓመት ልጅ የሚከብድ አይደለም። መምህርቷን ከመጀመሪያው ቀን ጠርተናት ቢሆን ሦስት ቅዳሜና የሁለት ልጆች ተስፋ ይተርፍ ነበር። ከሁለቱ አንዱ ከአምስተኛው ቅዳሜ በኋላ ተመልሷል፤ ሌላኛው አልተመለሰም።

ዛሬ ያለበት ሁኔታ

ቅርጹ አሁንም ተሰቅሏል። ከአናቱ አባ ኮዳ፣ በመሐል ቆሮሶዎች፣ በታች አንድ ትልቅ አምባዛ አለ። በጥር ወር አየሩ ሲደርቅ ወረቀቶቹ እርጥበታቸውን ስለለቀቁ ሦስተኛው እርከን በትንሹ ማዘንበል ጀምሮ ነበር። «ቀለሙ ወረቀቱን ጠላው» ያለችው ልጅ ወንበር ላይ ወጥታ በቀለለው ዓሣ ጅራት ጀርባ አንዲት ጠብታ የሻማ ሰም አሳርፋ አቃናችው። ክረምቱ ሲገባ ጠብታዋ መነሳት ይኖርባታል፤ ልጅቷም ቀኑን በደብተሯ ጽፋዋለች።